ቅቤና ሹሩባ፤ ስለ ጠጕር አያያዛችን ታሪክ

መጋቢት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በለንደን ከተማ የሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ሁለት ቍንዳላ ጠጕር ለኢትዮጵያ መንግሥት አስረከበ። ጠጕሩ የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ላይ እጃቸውን ለጠላት መስጠትን እንቢ ብለው በገዛ ሽጕጣቸው ከሞቱ በኋላ፣ ወደ አምባው የወጡት የእንግሊዝ ሠራዊት ሰዎች ከራሳቸው ላይ ጠጕር እየቈረጡ ለመታሰቢያ ወስደው ነበር። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ቍንዳላ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ ከሞቱ በኋላ በሣለ በአንድ ሠዓሊ ቤተ ዘመዶች እጅ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቤተ መዘክሩ ተሰጠ። በርክክቡ ቀን የባህልና ቱሪዝም ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሂሩት ካሳው ለንደን ድረስ ሄደው ተቀበሉት።

የውጭ አገር ሰው ይህን ሲሰማ፣ ዘውዱና መጻሕፍቱ ሳሉ ለጥቂት ጠጕር ይህን ያህል መድከም ለምንድር ነው ይል ይሆናል። የአገራችንን የቀድሞ ልማድ ለሚያውቅ ግን ነገሩ አያስደንቅም። በሥዕሉም በተጓዦቹም ጽሑፍ እንደምናየው፣ የቴዎድሮስ ጠጕር በወፍራም በወፍራሙ ተጐንጕኖ ወደ ኋላ የሚወርድ ሹሩባ ነበር። የዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ሥዕልና ፎቶግራፍ ይህንኑ ያሳያል። ለንጉሥና ለጦረኛ ሹሩባ ከጋሻና ከጐራዴ ያላነሰ ምልክት ነበረና፣ ከሬሳ ላይ ቈርጦ የወሰደውም ወታደር ቢሆን ምን እንደ ወሰደ ሳያውቀው አልቀረም።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የጦርነቱን ታሪክ አይደለም። ያን የመሰለ ጠጕር በምን ይያዝ ነበር? ቍንዳላው በምን ይለሰልስ ነበር? ሲረግፍስ በምን ይታከም ነበር? የሚለውን ነው። ነገሩ የጓዳ ወሬ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ ከጓዳ የወጣ ዕውቀት አንዳንድ ጊዜ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ከዚህ በታች እንገልጻለንና።

በቀድሞው ዘመን የሰውን ዕድሜና ኑሮ ለማወቅ ከመጠየቅ በፊት ራሱን ማየት ይበቃ ነበር። ወንድ ልጅ ራሱን ተላጭቶ በዐናቱ ላይ ቍንጮ ይተውለታል። ልጃገረድ መኻል ዐናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ጠጕር ትታ ሳዱላ ትሆናለች፤ ባል ስታገባ የተላጨው ዐናቷ እንዲያድግ ይተውና ሹሩባ ትሠራለች። ጐልማሳው ጐፈሬውን ያሳድጋል፤ ካህኑ ይላጭና ይጠመጥማል፤ አንበሳ ወይም ዝሆን ጥሎ የመጣ አዳኝ ራሱን ቅቤ ተቀብቶ ይዘፈንለታል። ሐዘን ሲደርስ ደግሞ ሴቲቱ ያን ሁሉ ዘመን የተንከባከበችውን ጠጕሯን ትላጨዋለች። እንግዲህ ጠጕር እንደዚህ እንደ ጽሑፍ በሚነበብበት አገር ሳትፈልግ ጠጕሯ የረገፈባት ሴት፣ ሳይሞትባት ሐዘንተኛ መስላ መታየቷ ነበር። የጠጕር መድኃኒት ፍለጋው ለውበት ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ከዚህ ይረዳዋል።

ከመድኃኒቶቹ ሁሉ በፊት የሚመጣው ቅቤ ነው። ለምን ቅቤ ሆነ? መልሱ በጠጕራችን ባሕርይ ውስጥ ይገኛል። ጠጕር የሚበቅልበት ቀዳዳ ቀጥ ያለ ሲሆን ጠጕሩም ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ቀዳዳው የጐበጠ ሲሆን ግን ጠጕሩ እየተጠቀለለ ይወጣል። ቀጥ ያለው ጠጕር ተቈርጦ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ክብ ነው፤ ቍንዳላው ግን ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በቀጥታው ጠጕር ላይ እስከ ጫፉ ሳይቸገር ይወርዳል፤ በተጠቀለለው ላይ ግን በየመታጠፊያው እየተገታ ጫፉ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ የተጠቀለለ ጠጕር ከሥሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጫፉ ይደርቃል፤ የደረቀውም በየመታጠፊያው ይሰበራል። እናቶቻችን ይህን በማይክሮስኮፕ አላዩትም፤ ዳሩ ግን የጐደለው ወዝ መሆኑን በእጃቸው ዳብሰው ዐውቀውታል።

የሚቀባው ቅቤ ለወጥ የሚነጠረውና ቅመም የገባበት አይደለም፤ ጨው ያልነካው ለጋ ቅቤ ነው። ሽታው እንዲጣፍጥ ደቆ የተነፋ የአደስ ቅጠል ይገባበታል። አሪቲና ሌላም ሽቱ የሚጨምሩ አሉ። ሠሪዋ ከፍ ካለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ተሠሪዋን ከጕልበቷ ሥር ታስቀምጥና፣ በእንጨት ሚዶ ካበጠረች በኋላ በወስፌ እየከፈለች ታጠልቃለች። አንድ ጥሩ ሹሩባ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ከተሠራም ሳምንታት ይቈያል። ቅቤ ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይቀልጣልና፣ ጧት እንደ ነጭ ቆብ ሆኖ የተደፋው ቅቤ ፀሐይ ሲወጣ እየቀለጠ ወደ ጠጕሩ ይሰርጋል፤ የተረፈውም በአንገትና በትከሻ ላይ ይወርዳል። የውጭ አገር ተጓዦች ብዙ የተሳለቁበት ይህ አወራረዱ ነው። ከ1843 እስከ 1846 እ.ኤ.አ. በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ ግን አልተሳለቀም። እንደ አገሬው ለብሶ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ ራሱንም ከቅቤ በቀር ሌላ ሳይሸፍን መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ተርኳል። ከእኛ አገር ፀሐይ በታች በባርኔጣ ፈንታ ቅቤን የመረጠ አውሮፓዊ እርሱ መሆኑ ነው!

ስለ ቍንዳላ ጠጕር ከተነሣ ግን ብልኀቱ ጐልቶ የሚታየው በአፋር ነው። የአፋር ጐልማሳ ጠጕሩን ቅቤ እየቀባ በቀጭን እንጨት ይጠቀልለዋል፤ ቅቤው ቍንዳላውን አንዱን ከሌላው ይለይለታል፣ ያጠቍረዋል፣ ያንጸባርቀዋል። ሲተኛም እንዳይጨፈለቅበት አንገቱን በእንጨት ትራስ ላይ ያሳርፋል። በመተሐራ አካባቢ የሚኖሩት የከረዩ ኦሮሞ ጐልማሶች ጕንፉራ የሚሉት ጐፈሬም በቅቤ የሚያዝ ነው። በደቡብ ኦሞ የሐመር ሴቶች ቅቤውን ከቀይ አፈር ጋራ ለውሰው ጠጕራቸውን በድሪ በድሪው ያወርዱታል። ቋንቋቸውም ኑሯቸውም የተለያየ ሕዝቦች፣ አንዱ በረኸኛ አንዱ ደገኛ ሳለ፣ ሁሉም ወደ ቅቤ መምጣታቸው የተጠቀለለው ጠጕር የሚፈልገው አንድ ነገር ስለ ሆነ ይመስለናል። ደግሞም ከብት በሚረባበት አገር ከቅቤ የቀረበ ቅባት የለም።

ቅቤ ላልደረሰው ጉሎ ነበረለት። ጉሎ በየጓሮውና በየወንዙ ዳር የሚበቅል፣ የትውልድ አገሩም ይህ የምሥራቅ አፍሪካ ምድር የሆነ ተክል ነው፤ ባለቤቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው ምጣድ ያሰሱበታል። የጉሎ ዘይት ለጠጕር ያለው ታሪክ ከእኛም አልፎ ወደ ግብፅ ይሄዳል። በጀርመናዊው ሊቅ በኤበርስ ስም የሚጠራው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ የተጻፈው የግብፃውያን የሕክምና ፓፒሩስ፣ የሴት ጠጕር እንዲያድግ የጉሎን ፍሬ ፈጭቶ በዘይት ለውሶ መቀባትን ያዝዛል። ያው ጽሑፍ ራሱ በራ ለሆነ ሰው የአንበሳ፣ የጕማሬ፣ የአዞ፣ የድመት፣ የእባብና የዋልያ ዘመድ የሆነውን የበረሓ ፍየል ስብ አንድ ላይ ቀላቅሎ መቀባት ነው ይላል። (ይህን ሁሉ አድኖ የሚያመጣ ሰው መድኃኒቱ ባይሠራለት እንኳ ጀግና ስለሚባል ጠጕር አያስፈልገውም ነበር።) እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ምርምር ደግሞ ከተመረመሩት 18 የግብፅ ሬሳዎች በ9ኙ ጠጕር ላይ ስብነት ያለው ቅባት እንደ ተገኘ፣ ይህም የጠጕራቸውን ቅርጽና ጥቅል ለመያዝ የተቀቡት እንደሚመስል አስረድቷል። የጉሎ ፍሬ ራሱ ግን ብርቱ መርዝ ያለበት መሆኑን ሳንጠቅስ አናልፍም። መርዙ በአተላው ይቀራል እንጂ በአግባቡ ተጨምቆ በተጣራው ዘይት ውስጥ አይገኝም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ ፍሬውን እንደ ሆነ ወቅጦ ራስ ላይ መለጠፍ፣ በተለይም ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ልስላሴና ስለ ቍንዳላ ነው፤ በዚህም በኩል የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ልማድ የሚነቀፍ ብዙ የለበትም። ቅባት እርጥበትን ይጠብቃል እንጂ አይፈጥርምና፣ ጠጕሩን አስቀድሞ በውሃ አርጥቦ ቅቤውን ከላይ ያሳረፈ ሰው ተጠቅሟል። በደረቁ ላይ የደፋው ግን ድርቀቱን ሸፍኖ ማስቀመጡ ነው። ፎረፎር ያለበት ሰውም ይጠንቀቅ። ፎረፎርን የሚያባብሰው በራስ ቆዳ ላይ የሚኖር ረቂቅ ፈንገስ ምግቡ ቅባት ነውና፣ ቅቤ በጨመረ መጠን ድግስ እንደ ደገሰለት ይቈጠራል።

ጥያቄው የሚከብደው ወደ መርገፍ ስንመጣ ነው። ቅቤ የሚረግፍን ጠጕር ያቆማል? ብዙ ሰው ያቆማል ይላል፤ በዐይኔ አየሁ የሚለውም አይዋሽም። ያየው ነገር ግን ሌላ ትርጓሜ እንዳለው እንመልከት።

በጤነኛ ሰው ራስ ላይ እያንዳንዱ ጠጕር ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ከዚያም ማደጉን አቁሞ 3 ወር ያህል ዐርፎ ይወድቅና በስፍራው ሌላ ይተካል። በዚህ ሥርዐት በቀን ከ50 እስከ 100 የሚደርስ ጠጕር ቢወድቅ በሽታ አይደለም። ሰውነት ብርቱ ነገር ሲደርስበት ግን፣ ማለት ትኵሳት፣ ረኃብ፣ ወሊድ ወይም ጽኑ ሐዘን ሲመታው፣ በማደግ ላይ የነበረው ጠጕር በብዛት ባንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ይገባል፤ ከ2 ወይም ከ3 ወርም በኋላ ባንድነት ይረግፋል። ነገሩን የሚያሳስተው ይህ በመኻል ያለው ጊዜ ነው። ሰውየው ከሕመሙ ድኖ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ሚዶው በጠጕር ሲሞላ ያያልና፣ ምክንያቱን ትናንት ከበላውና ከተቀባው ይፈልጋል እንጂ ከ3 ወር በፊት ከነበረው ትኵሳት አይፈልግም።

የአራሷን ነገር እንመልከት። በእርግዝና ጊዜ መውደቅ የነበረበት ጠጕር ሳይወድቅ ይቈያል፤ እርጕዝ ሴት ጠጕሯ የሚያምረው ስለዚህ ነው። ከወለደች በኋላ ያ የቈየው ሁሉ በ3ኛው ወር ገደማ ይረግፋል። በልማዳችን አራስ ገንፎዋን በቅቤ እየበላች፣ ራሷንም ቅቤ እየተቀባች ቤቷ ትሰነብታለች፤ ክርስትናውም ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ነው። እንግዲህ ሴት ልጅ የወለደች እናት ክርስትና አንሥታ፣ አምራ ወዝታ ከሰው ፊት ከወጣች በጥቂት ቀን ውስጥ ጠጕሯ መርገፍ ይጀምራል። ይህን ያየ ሰው ዐይን ገባት ቢል ምን ይደንቃል? ወዲያው ቅቤው ይጨመራል፣ አደሱ ይወቀጣል፣ ጠበሉም ይፈለጋል። ጠጕሩም በተፈጥሮው ዓመት ሳይሞላው ይመለሳልና፣ ምስጋናው ሁሉ ለተቀባው መድኃኒት ይሆናል። መድኃኒቱ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም፤ ጥቅሙ አዲስ የሚወጣው ጠጕር እንዳይሰበር መጠበቁ ነው። የመለሰው ግን እርሱ አይደለም።

ተስቦ ያጠቃውም ሰው እንደዚሁ ነው። ከተስቦ የዳነ ሰው ጠጕሩ እንደሚረግፍ በየገጠሩ የታወቀ ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስለቀሰው፣ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እየተቃጠለ የሚታሰበው የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ሁሉ ያጠቃው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። የዚያ ዘመን የውጭ አገር ሐኪሞች ከዚህ በሽታ ከዳኑት ሰዎች ብዙዎቹ ከጥቂት ወራት በኋላ ጠጕራቸው እንደ ረገፈና ተመልሶም እንደ በቀለ ጽፈዋል። በእኛም አገር ከዚያ መቅሠፍት የተረፉት በዚያ ዓመት በጥርና በየካቲት ከሚዷቸው ላይ ምን እንዳዩ መገመት አያስቸግርም።

አሁን ደግሞ ስለ ሹሩባው ራሱ የማይወደድ ነገር መናገራችን ነው። ጠጕርን አጥብቆ መጐንጐን፣ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ በኩል ጠጕሩን ከነሥሩ እየሳበ ያዳክመዋል። ጕተታው ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም ሥሩ ጠባሳ ይሆንና ጠጕሩ ጨርሶ አይመለስም። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሞች በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1907 በጽሑፍ ያስታወቁት በግሪንላንድ በረዶ አገር ጠጕራቸውን ወደ ላይ አጥብቀው ያስሩ በነበሩ ሴቶች ላይ አይተው ነው። «አጥብቀሽ ሥሪኝ፣ እንዲቈይልኝ» ማለት በአገራችን የተለመደ ነው፤ ሠሪዋም ተሠሪዋ ዕንባ ካላቀረረች ሥራዋ ያማረ አይመስላትም። ግንባሯ ገፍቶ የሄደ ሴት ወደ ኋላ የቀረውን ጠጕር ይበልጥ ሳብ አድርጋ ያንን ለመሸፈን ስትሞክር የባሰ ታስኬደዋለች። የቀድሞው ሥርዐት ግን፣ ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብበት፣ ለጠጕሩ ዕረፍት ነበረው። ልጅነቱ በመላጨት ያልፋል፤ ሳዱላዋ መኻል ዐናቷ አይጐነጐንም፤ ሹሩባውም በሚፈታበት ጊዜ ጠጕሩ ተለቆ ቅቤ ተቀብቶ የሚሰነብትበት ቀን አለ። ዛሬ በከተማ እንደምናየው ከ4 ዓመት ሕፃን ጀምሮ በሰው ሠራሽ ጠጕር አክብዶ ያለ ዕረፍት መጐንጐን የአያቶቻችን ልማድ ነው ማለት አይቻልም።

ላሽ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ጠጕር በሳንቲም ልክ እየክብ እየክብ ሲረግፍ ሰው ሁሉ ላሽ ይለዋል፤ በዚህ ስም ግን ሁለት ነገር ተሸፍኗል። አንደኛው የገዛ ሰውነት የጠጕሩን ሥር እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲወጋው የሚመጣ ሲሆን፣ ቆዳው ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ራሱን ችሎ ይመለሳል። ነጭ ሽንኵርት የሚያሹበት ሰዎች የሚመሰክሩለት ይህን ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ2002 በባግዳድ ሐኪሞች የታተመ አንድ ጥናት የሽንኵርት ጭማቂ በቀን ሁለት ጊዜ ከተቀቡ 23 ሕሙማን መኻከል በ6 ሳምንት ውስጥ 20ዎቹ ጠጕር እንዳበቀሉ፣ የቧንቧ ውሃ ከተቀቡት 15 ሰዎች ግን 2ቱ ብቻ እንዳበቀሉ ይናገራል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የሚናቅ አይደለም። ሁለተኛው ግን የሚላላጥ፣ የሚያሳክክ፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የፈንገስ በሽታ ነው። ይህን ቅቤም ሽንኵርትም አያድነውም፤ ፈንገሱ በጠጕሩ ሥር ውስጥ ስለ ተቀበረ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። በአንድ ሚዶና በአንድ ምላጭ የሚገለገሉ ልጆች ባሉበት ቤት ወይም ትምህርት ቤት፣ ቅጠል እየቀየሩ መሞከር በሽታውን ማዳረስ ነው። አስተማሪዎች በተለይ ይህን ልዩነት ቢያውቁ ብዙ ሕፃን ከጠባሳ ይድን ነበር።

ደብተሮቻችን የመድኃኒት መጻሕፍት እንደ ጻፉ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል የአንዱን ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ አሳትሟል፤ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትረልሲንም ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒትና ዕፀዋት ሰፊ ሥራ ሠርቷል። ጸሐፊው ግን ወንድ ነበረ፤ ጠጕር የምትሠራዋ ደግሞ ሴት ነበረች። ስንት አደስ ለስንት ቅቤ እንደሚገባ፣ የትኛው ራስ ላላ ብሎ እንደሚሠራ የምታውቀው እርሷ ስትሆን፣ ዕውቀቷ በእጇ እንጂ በብራና ላይ አልነበረም።

ከእንዲህ ያለው የእጅ ዕውቀት ምን እንደሚገኝ እንዶድ አስተምሮናል። የእንዶድን ፍሬ ሴቶቻችን ወቅጠው ሸማ ያጥቡበት ነበር፤ አረፋው እንደ ሳሙና ነውና። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ፣ ከዚህ ተነሥተው የእንዶድን ኀይል በምርምር ገለጹ፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ሴቶቹ ያጥቡ የነበረው ሸማ ነው፤ ዶክተሩ ያዩት ቀንድ አውጣውን ነው፤ ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ወንዙ ሁሉንም ይዞት ይሄድ ነበር። ስለ አደስና ስለ ጠጕር እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ዐይነት ዝቅ ብሎ ያየ ሰው ጥቂት ነው።

እርግጥ ነው፣ በመኻል የቅቤ ዘመን ያለፈ መስሎ ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ቤትና ቢሮ ሲስፋፋ ቅቤ የሚሸት ራስ ማሳፈር ጀመረ። ሹሩባው ተፈቶ ጠጕሩ በጋለ ካውያ ተተኰሰ፤ ኋላም ጠጕር የሚያለሰልስ ብርቱ ኬሚካል መጣ። ካውያው ቍንዳላውን ቀጥ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ጠጕሩ ውስጥ ያለውን እርጥበት አፍልቶ ስለሚያወጣው ጠጕሩ ይሰነጠቃል። ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ተማሪው አፍሮ ሲያሳድግ የአያቱን ጐፈሬ በባዕድ ስም መልሶ ማምጣቱ መሆኑን ያስተዋለው ሁሉም አልነበረም።

ዛሬ ደግሞ በየከተማው ወጣት ሴቶች ቍንዳላቸውን ሳይተኵሱ መያዝን መርጠው እናያለን። ተልባ ቀቅለው ዝልግልጉን አጥልለው እርጥብ ጠጕር ላይ ይቀቡታል፤ ሲደርቅ ጥቅልሉን ይዞ ያስቀምጠዋል፣ እንደ ቅቤም አይሸትም። ብልኀቱ ደግ ነው። የጥብስ ቅጠል የምንለው ተክል ዘይትም ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢራን ሐኪሞች የታተመ ጥናት፣ በዘር የሚመጣ መመለጥ ካለባቸው 100 ሰዎች እኩሌቶቹን በዚህ ዘይት፣ እኩሌቶቹን ሚኖክሲዲል በሚባለው መድኃኒት ሞክሮ፣ በ6 ወር በሁለቱ መኻከል ጕልሕ ልዩነት እንዳላገኘ ይገልጻል። ሚኖክሲዲል ራሱ በመጀመሪያ የደም ግፊት መድኃኒት ነበር፤ የዋጡት ሕሙማን ጠጕር ሲያበቅሉ ታይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ለሚመለጡ ወንዶች የሚቀባ ሆኖ ተፈቀደ። ሐኪሞችም አንዳንድ ጊዜ እንደ ሴቶቻችን፣ ሌላ ሲሠሩ ሌላ ያገኛሉ።

የረገፈ ጠጕር ያሳሰባት ሴት ወይም ያሳሰበው ወንድ ቅቤውንም፣ ጉሎውንም፣ ተልባውንም ከመፈለግ በፊት ከሚዶው ላይ ጥቂት ጠጕር ለቅሞ በጥቍር ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ይመልከት። በአንዱ ጫፉ የስፌት መርፌ ዐይን የምታህል ነጭ ነጥብ ካለችው፣ ያ ጠጕር ከሥሩ የወደቀ ነው፤ ምክንያቱም ከ3 ወር በፊት በሰውነት ላይ ከደረሰው ነገር ይጠየቃል፤ መርገፉ ከ6 ወር ካለፈም ሐኪም ያየዋል። ነጭ ነጥብ የሌለውና ቍመቱ ያጠረ ከሆነ ግን የተሰበረ ነው፤ ለእርሱ እርጥብ ራስ ላይ የሚያርፍ ለጋ ቅቤ፣ ጥርሱ የተራራቀ ሚዶና የላላ ሹሩባ ይበቃዋል።